የክረምት እሳት በእንጅባራ

አንባቢ ሆይ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለውን ያንን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ሳታውቀው አትቀርም። ከግንድ የተሠራች ትንሽ ቤት በተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ጣራዋን በረዶ ሸፍኖታል፤ በመስኮቷ ቢጫ ብርሃን ይታያል፤ ከጭስ ማውጫዋም ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ሥዕሉ የስዊስ ይሁን የኖርዌይ ማንም አይጠይቅም። ጠረጴዛው ላይ ፋይል የተቆለለበት ወጣት ጸሐፊ ግን ቀና ብሎ ባየው ቁጥር «አንድ ሳምንት ብቻ እዚያ ውስጥ እሳት ዳር ብቀመጥ» ብሎ መመኘቱ አይቀርም። እኔም ዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ዘመን ከአልጋዬ ራስጌ እንዲህ ያለ ሥዕል ለጥፌ ነበር። አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ የአዊ ልጅ ነበርና ሥዕሉን እያየ ይስቅብኛል። «ይኸማ የእኛ ቤት ነው፤ በረዶውን አንሣና ዝናብ ጨምርበት» ይለኛል። («አንባቢ ሆይ» ስል እህቶቼንም ጭምር ነው፤ ሰዋስው አስቸግሮኝ እንጂ ረስቻቸው አይደለም።)

ወደ ወጌ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል፤ መምህር ነኝና ይቅርታ ይደረግልኝ። እንግሊዞች «ዊንተር» የሚሉትን ወቅት «ክረምት» እያልን ተርጉመን ተምረናል። ስለዚህ ያገራችን ተማሪ ስለ ዊንተር የተጻፈ ታሪክ ሲያነብ በረዶውን ከሐምሌና ከነሐሴ ጋራ አዛምዶ ያስበዋል። የእነርሱ ዊንተር ግን ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ከአገራቸው ወደ ደቡብ ርቃ ትሄዳለች። የእኛ ክረምት ከፀሐይ መራቅ የመጣ አይደለም። እንዲያውም እንጅባራ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናቷ በላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ግድም ነው። የደጋው ሰው በነሐሴ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ፀሐይቱ አናቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች ማለት ነው፤ የሚለያያቸው ደመናው ብቻ ነው። ውርጭ የሚወርድበትና ሌሊቱ የሚያንገበግብበት ጊዜ ደግሞ በጋው ነው፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች። የክረምቱ ብርድ የእርጥበት ብርድ ነው። እንደ ውርጭ አይነክስም፤ ነገር ግን ቀንም ሌሊትም አይለቅም። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ይረጥባል፤ ክብሪት አልጫር ይላል። እንዲህ ባለው ብርድ ሰው የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም እሳት ነው። የዛሬው ወጌም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። መምህር ሆኜ የመጀመሪያውን ዓመቴን ጨርሼ፥ ድምፄ በጩኸት ሰልሎ፥ ኪሴም እንደ አዲስ መምህር ኪስ ሆኖ ሳለ፥ ያ ጓደኛዬ «ሦስት ሳምንት ከእናትና ከአባቴ ዘንድ ተቀመጥ፤ ሥዕልህን በዓይንህ ታየዋለህ» አለኝና በሐምሌ ማለቂያ ይዞኝ ሄደ። ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ዓባይ በረሃ ሲያወርደን ሹራባችንን አወለቅን፤ ደጀን ስንወጣ መልሰን ለበስን፤ ደብረ ማርቆስን አልፈን ቡሬን ስንሻገር መስኮቱን ዘጋን፤ ኮሶበር ስንደርስ የመስኮቱ መዘጋትም የሚፈይደው ነገር አልነበረም። ኮሶበር የእንጅባራ ከተማ ሌላው ስሟ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም በዚሁ ይጠራታል። ከተማዋ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ሲሆን ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአውቶቡሱ ስወርድ በመጀመሪያ ያየሁት ግን ከተማውን አልነበረም፤ ጉሙን ነበር። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የፈረስ ኮቴ ተሰማ፤ ቀጥሎ ፈረሱ ታየ፤ በመጨረሻ ገሳ ለብሶ የተቀመጠው ሰው ብቅ አለ። መንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሸጡ ሰዎች ሸቀጣቸውን ላስቲክ አልብሰው እነርሱ በዝናብ ይመታሉ።

የጓደኛዬ ወላጆች ቤት ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ለእነርሱ አንድ ሰዓት፤ ለእኔ፥ የከተማ ጫማ አድርጌ፥ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። (ወደዚያ አገር በክረምት የምትሄድ ሰው ብትሆን፥ ሌላው ሁሉ ቢቀር የጎማ ቦት ጫማ ያዝ። እኔ የያዝኩት ሦስት ልብ ወለድ መጽሐፍና አንድ የፀሐይ መነጽር ነበር።) ቤቶቹ ሁለት ናቸው። ትልቁ ቤት ጣራው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቀርቀሃ ተጠልፎ ጭቃ የተመረገበት ነው። ማድ ቤቱ ደግሞ ክብ፥ በሣር የተከደነ ጎጆ ነው። አጥሩ ቀርቀሃ፥ የግቢው በር ቀርቀሃ፥ ጎተራው ቀርቀሃ፥ የተቀመጥንበት ወንበርም ቀርቀሃ። ከጓሮ በኩል አዲሱ ቀርቀሃ በዝናቡ ምክንያት ከምድር እየወጣ ነበር። በዚህ ወራት ብቅ ያለው በጥቂት ወር ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ያህል ካልጠነከረ ለቤት አይሆንም። የጓደኛዬ አባት ይህንን ሲያስረዱኝ «ቁመቱ ያታልላል» አሉኝና ወዲያው ደግሞ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፤ ለምን እንዳዩት በኋላ ነው የገባኝ።

ጓደኛዬ ፈቃዱ ሦስት ቀን ብቻ ስለነበረ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔን ለእናቱ አደራ ሰጥቶ ሲሄድ አንድ ሙሉ ክፍል ተለቀቀልኝ፤ በትልቁ ቤት ውስጥ በቀርቀሃ ግድግዳ የተከፈለች፥ አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ያን ሌሊት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው አይሰማማም ነበር። ብርዱ አልጋዬ ውስጥ ገብቶ ከእኔ ጋራ ተኛ። እንግዲህ እኔ ያ የሥዕሉ ቤት፥ ያ ቢጫ ብርሃን ትዝ ይለኛል። ቡና የተፈላበት ከሰል ገና አልጠፋም ነበርና ቀስ ብዬ ተነሣሁ፤ ምድጃውን አንሥቼ ወደ ክፍሌ አስገባሁት፤ መስኮቱን ዘጋሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ በበሩ ሥር ነፋስ የሚገባበትንም ክፍተት በማዳበሪያ ከረጢት ወተፍኩ። ከሰሉ ፍም ብቻ ነው፥ ጭስ የሚባል የለውም። ክፍሏ ሞቀች። «እነሆ ዕረፍት» አልኩ፥ ተኛሁም።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በሩ በኃይል ሲከፈት፥ ብርድ ሲገባና እማማ በጋቢያቸው ጫፍ ምድጃውን ይዘው ሲወጡ ነው። ውኃ ሊጠጡ ተነሥተው ምድጃውን ከቦታው ሲያጡት ነበር የደረሱብኝ። ተመልሰው መስኮቱን ከፈቱና እኔን በክንዴ ይዘው ዝናብ ወደሚያፈስበት ደጅ አወጡኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ራሴን እንደ ብረት ይቀጠቅጠኛል። «ልጄ፥ እንግዳዋን ገደለች ልታሰኘኝ ነው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምንም መልስ አልነበረኝም። ምን መልስ ይኖረኛል? እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከሦስት ወር በፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነገር ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አንተ ምናልባት በአዲስ አበባ፥ በባሕር ዳር ወይም በደሴ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ትኖር ይሆናል፤ በሐምሌ ማታ ከሥራ ርሰህ ስትገባም ከሰሉን አቀጣጥለህ በሩን መዝጋትህ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን እንደሚከተለው ላስረዳህ። ከሰል ማለት አብዛኛው ካርቦን ነው። ካርቦን በበቂ አየር ውስጥ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ እርሱ የምንተነፍሰው ነውና በመጠኑ አይጎዳም። አየሩ ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሌላ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዓይንም አያስለቅስም። ወደ ደም ሲገባ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው አየር እየተነፈሰ ደሙ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፤ ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፤ ቀጥሎ የጉልበት መክዳት፤ ቀጥሎ እንቅልፍ። ክፋቱ ይኸውልህ፤ አደጋውን ባወቅህበት ሰዓት ተነሥተህ በሩን የምትከፍትበት ጉልበት አይኖርህም። «ከሰሉ ፍም ከሆነ፥ አመድም ከለበሰ አይጎዳም» የሚለውን ነገር አትመን። የሚጎዳው ጭሱ ሳይሆን የማይታየው ነው፤ ፍሙም እስኪጠፋ ድረስ ያንኑ ጋዝ ይተፋል። በየክረምቱ ባልና ሚስት፥ እናትና ልጅ፥ አብረው የሚኖሩ ተማሪዎች በዚሁ ምክንያት ማታ ተኝተው ጠዋት ሳይነሡ ይቀራሉ። ከሰል ከመኝታ ክፍል ውስጥ አይደር፤ ጋቢ ጨምር፥ ካልሲ ደርብ፥ እርሱ ካልበቃህ ከጎረቤት ተበደር።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መኝታዬ ማድ ቤት፥ እሳቱ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ሆነ። እዚያ የሚነደው እንጨት ነው፤ ጭሱ በሣሩ ክዳን በኩል ይወጣል፤ አንዳንዱም ለመውጣት አይቸኩልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኔ እንደ ሐዘንተኛ ዓይን ቀልቶ ነበር። እርሱም ቢሆን ደግ እሳት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ሳንባን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት የሚደርሰውም እሳት ዳር በሚውሉት በሴቶችና በሕፃናት ላይ ነው። እማማ ሲያስሉ እሰማቸው ነበር። «ለምን ከሰሉን አታነዱም? ራሳችሁ ታከስሉ የለም?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ከሰሉማ የአዲስ አበባ ነው» አሉኝ።

እውነትም የአዲስ አበባ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የጓደኛዬ አባት ያወጉኝን ልንገርህ። ዝናብ የበዛበት ደጋ መሬቱ ይታጠባል፤ ለሰብል የሚበጀው ንጥረ ነገር ከአፈሩ ይሄድና አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። ገብሱ ይቀጭጫል፤ ስንዴው ይቢጭራል። የግብርና ሰዎች «ኖራ ጨምሩ» ይላሉ፤ ነገር ግን ኖራው በኩንታል የሚቆጠር ነው፤ ማጓጓዣውም ከገበሬው አቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ በእነዚህ ወረዳዎች፥ በተለይ በፋግታ ለኮማና በባንጃ፥ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚባለውን የግራር ዓይነት በማሳው ላይ ይተክል ጀመር። ብልሃቱ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጥና በዚያው በማሳው ላይ በአፈር ተከድኖ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ መሬቱ እንደ ገና ይታረሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈር ስለሚመልስ ጤፉም ይሻሻላል። በአዲስ አበባ ቡና የምትፈላበት ከሰል ከዚህ ደጋ የሄደ ሊሆን ይችላል። የትልቁ ቤት ቆርቆሮ የተገዛው ከዚህ ነው፤ ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሚላክለት የኪስ ገንዘብም ከዚሁ ነበር። እኔም ከዚያች ገንዘብ ስንት ጊዜ ሻይና ፓስቲ በልቻለሁ!

በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ያዘው። አባትየው ወስደው አሳዩኝ። ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ እባጭ ይወጣበታል፤ ቅጠሉ ዝገት የነካው ይመስላል፤ ለጋው ችግኝ ሳያድግ ይደርቃል። ስንዴን እንደሚመታው ዋግ ያለ የሻጋታ በሽታ ነው። አንድ ጥማድ የሚሆነው ማሳቸው ከሩቅ ሲታይ እሳት የለበለበው ይመስል ነበር። በዚያ ዝናብ መካከል ቆመው «ይኸ ለትንሹ ነበር» አሉኝ።

ትንሹ ማለት የጓደኛዬ ወንድም ነው፤ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ፈተናውን የሚጠብቅ፥ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ልጅ። የዚያ ዓመት ብሔራዊ ፈተና እንደ ወትሮው በየትምህርት ቤቱ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ፥ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ነበር። ልጁ ክረምቱን ጠዋት ከብት ይጠብቃል፥ ከሰዓት ከአባቱ ጋራ አረም ያርማል፥ ማታ ማድ ቤት ውስጥ በእሳት ብርሃን ደብተሩን ይከፍታል። ደብተሩ ከጭሱ የተነሣ እንደ ቋንጣ ይሸታል። በአራተኛው ማታ አባትየው ከእራት በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መምህር፥ ለዕረፍት የመጣን እንግዳ ሥራ ማዘዝ ነውር ነው። ግን ይኸን ልጅ አንድ ጊዜ እየው» አሉኝ። እማማ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አባትየው ዝም አሉ። በኋላ ልጁን ብጠይቀው «‹ታሞ ሳለ አታስቸግረው› አለች» አለኝ። ታምሜ አልነበረም፤ አፍሬ ነበር እንጂ። ስለዚህ ሦስቱን ልብ ወለድ መጻሕፍት ከሻንጣዬ ሳላወጣ ክረምቱን እንዳስተምር ሆነ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ልጁ ሰነፍ አልነበረም። የኬሚስትሪውን ቃል ሁሉ በእንግሊዝኛ ሸምድዶታል። «አሲድ ምንድን ነው?» ብትለው እስትንፋስ ሳይወስድ ይወጣዋል። ነገር ግን የሙከራ ቱቦ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። 10ኛ ክፍል ሳለ፥ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ብዙ ወር ቆይተዋል፤ ያ የጎደለው ነገር በኋላ ተሞልቶለት አያውቅም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያንን ሁሉ መሙላት እንደማልችል በመጀመሪያው ማታ አውቄአለሁ። ቢሆንም ጀመርን። መጀመሪያ ያስተማርኩት ትምህርት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ምሳሌው እዚያው መደብ ላይ ተቀምጦ ነበርና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም።

ከሁሉ የማልረሳው አንድ ማታ አለ። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በትንሽ ውኃ አፍልተን ቀያዩን ውኃ በሦስት ስኒ ከፈልነው። በአንዱ ሎሚ ጨመቅንበት፤ ቀላ። በሁለተኛው ከምድጃው አመድ በጥብጠን ያጠለልነውን ውኃ ጨመርንበት፤ ወደ ቢጫና ወደ አረንጓዴ ዞረ። ሦስተኛውን እንዳለ ተውነው። ልጁ ስኒዎቹን እያፈራረቀ ወደ እሳቱ ብርሃን ያስጠጋቸው ጀመር። ከዚያ አመዱን ሎሚ ባለበት ጠብታ በጠብታ ስንጨምርበት ቀለሙ ተመለሰ። «አሲዱን አጠፋው» አለ ልጁ፤ በአማርኛ ነው ያለው፥ ከደብተሩ አልነበረም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተኝተዋል ያልናቸው አባትየው ከጥጋቸው ብድግ አሉ። «እናቴ አመድ ከጓሮዋ አትለይም ነበር፤ የጓሮዋም ድንችና ጎመን ከማሳው ይበልጥ ነበር። ለዚህ ነው?» አሉ። «አንዱ ምክንያት ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ኖራ የሚሉንም ይኸው ነው?» ይኸው መሆኑን ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ይኸን ሁሉ ዓመት ጨምሩ ሲሉን ለምን እንደሆነ የነገረን የለም» ብለው ስኒውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። ያን ማታ እስከ 5 ሰዓት ቆየን። ሁለት አልጋ ያህል የሆነውን የጓሯቸውን መሬት በነጋታው አመድ ነሰነሱበት።

ዕረፍት ጭራሽ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ልጁ በፈረስ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወሰደኝ። ሐይቁ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፥ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ ነው። ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም 166 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ያ ሁሉ ሰፊ ጣና እንኳ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም። ጉሙ ሐይቁን ሸፍኖት ቆመን ስንጠብቅ፥ እንደ መጋረጃ ተነሣና ውኃው ታየ፤ መልሶ ደግሞ ተሸፈነ። ፈረሱ የሥራ ፈረስ ነው፤ ነገር ግን ልጁ እንደ ጌጥ ፈረስ ያቅበጠብጠዋል። በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ የሚባለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር ሜዳው በፈረስ ይሞላል፤ ያየ ሰው ሁሉ ይህንን ያወራል። እኔ በክረምት ሄጄ አመለጠኝ።

ዳንግላም በሰሜን በኩል ብዙ አይርቅም። ከእኔ በፊት የዚህን አገር ክረምት አሳምሮ የለመደ እንግዳ እዚያ ነበር፤ ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ በየበጋው የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታውን አነሣ፤ መጽሐፍም ጻፈበት። ስመለስ በባሕር ዳር በኩል ስለነበር አውቶቡሱ በዳንግላ ሲያልፍ ስለዚህ ሰው አሰብኩ። በክረምት ወንዙ ሁሉ ሲሞላና መንገድ ሲዘጋ እሳት ዳር ምን እያደረገ ይሰነብት ኖሯል? ምግቡስ እንደ እኔ ድንች ነበረ ይሆን? እኔ በፍልሰታ ጾም ስለነበርኩ ጠዋት የተቀቀለ ድንች በዳጣ፥ ማታ ድንች ወጥ በገብስ እንጀራ እበላ ነበር። አዝመራ ገና ነው፤ ጎተራው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ቤተሰቡን ከሐምሌ ወደ መስከረም የሚያሻግረው ድንቹ ነው። ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እማማ ሁልጊዜ ለእኔ ትልልቁን እየመረጡ ከሰጡኝ በኋላ። እንዲህ ባለ ወራት እንግዳ የምትሆን ሰው፥ ቡናና ስኳርን የመሰለ ቤት ያልደረሰ ነገር ይዘህ ሂድ። «አልራበኝም» እያልክ አታስቸግራቸው፤ ቅር ይላቸዋል።

ልጁ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈተነ። ውጤቱ በጥር ሲነገር አገሩ በሙሉ ደነገጠ፤ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ከ100 ሰው 3 ማለት ነው። እኔ በዚያች ሰዓት በማስተምርበት ክፍል በራፍ ላይ ስልኬን ይዤ ቆሜ ነበር። «ጋሼ፥ 50 አልሞላልኝም» አለኝ። ቀጥሎም ሊያጽናናኝ ፈለገ መሰለኝ፥ «ኬሚስትሪው ግን ከሁሉ ይሻላል» አለ። ከዚያ መንግሥት ለአላለፉት በከፈተው የማካካሻ ትምህርት ገብቶ ነበር፤ እርሱም አልሆነለትም። አንተ የመሥሪያ ቤት ወንበር ያገኘህ፥ ወይም ዩኒቨርሲቲ የገባህ አንባቢዬ፤ ስለ ሰነፍ ተማሪ ሲወራ አብረህ የምትስቅ ከሆነ ይህን ልጅ በእሳት ብርሃን ስኒውን ሲያይ ባየኸው ኖሮ እላለሁ። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ያስተማርኳቸው ብዙዎች ሙከራውን እንኳ አላዩም፤ አላሳየኋቸውም። ሽንኩርትና አመድ በአዲስ አበባም ነበረ።

ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በክልሉ ግጭት ስለተነሣ መንገዱ እንደ ልብ አልሆነልኝም፤ ከዚያ ክረምት በኋላ ደግሜ አልሄድኩም። ልጁ አሁን እንጅባራ መንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበር ይሠራል። አንዱን ለእኔ በመኪና ልኮልኛል፤ ይህንን የምጽፈው በእርሱ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ትንሽ ይንቃቃል። ዋጋውን ብልክለት መልሶ ላከልኝ። ሐምሌ በገባ ቁጥር ስልክ ይደውላል፤ መጀመሪያ ስለ ጤናዬ፥ ቀጥሎ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ይጠይቀኛል። ከዚያ ከበስተኋላው የእማማ ድምፅ በአገውኛ ይሰማል፤ ልጁም ሳቁን እንደ ምንም ይይዝና ይተረጉምልኛል፤

«ጋሼ፥ ‹ከሰሉን ወደ ውጭ አውጥቶታል ወይ?› በለው እያለች ነው።»